«መራች» ወይስ «መንገድ መራች»? ሃሪየት ተብማንና የኮምባሂ ወንዝ ዘመቻ

የአራት ኪሎዋ መምህርት (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። በአራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ አነስተኛ የንባብ ክበብ አለን። አብዛኞቹ አባላት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ጥቂት መምህራንና ሁለት ጡረተኞችም አብረውን ይቀመጣሉ። በየካቲት ወር ልጆቹን ይዘን ፒያሳ የሚገኘውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከጎበኘን በኋላ፣ በጦርነት ጊዜ ከባድ ኃላፊነት ስለ ተሸከሙ የልዩ ልዩ አገር ሴቶች አጫጭር ጽሑፎችን አዘጋጅተን ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ተስማማን። ዕጣ ስንጣጣል ለእኔ የደረሰችኝ ሃሪየት ተብማን ናት።

ስለ እርሷ የማውቀው ብዙ ሰው የሚያውቀውን ያህል ነበር፤ ይኸውም በሜሪላንድ በባርነት ተወልዳ፣ በ1849 እ.ኤ.አ. ወደ ፊላደልፊያ አምልጣ፣ ከዚያም እየተመለሰች ዘመዶቿንና ሌሎችን «የምድር ውስጥ ባቡር» በሚባለው ስውር መስመር ማውጣቷን ነው። (ከተማሪዎቼ አንዱ በስታዲየም በኩል እንደሚያልፈው ባቡር መስሎት ጣቢያዎቹ ስንት እንደ ነበሩ ጠየቀኝ። ሐዲድ የሌለው፣ በሌሊት በእግር የሚኬድበት፣ ከአንዱ ታማኝ ቤት ወደ ሌላው የሚያደርስ መንገድ መሆኑን ሳስረዳው ቅር የተሰኘ መሰለኝ።) በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ (የሰሜኑ መንግሥት ባርነትን ለማቆየት ከተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ጋር ሲዋጋ) የሠራችውን ግን ያነበብኩት በቅርቡ ስለሆነ፣ ጽሑፌ በዚያ ላይ ብቻ እንዲያተኩር ፈለግኩ።

የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገሬ እንዲህ ይላል፦ «ሃሪየት ተብማን በሰኔ 1863 እ.ኤ.አ. የጦር ጀልባዎችን እየመራች በደቡብ ካሮላይና ወደሚገኘው የኮምባሂ ወንዝ ዘምታ 750 ባሮችን ነፃ አወጣች።» አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን አንብቦ «እየመራች» በሚለው ቃል ሥር በቀይ አሰመረበት። እርሱ እንደሚለው የዘመቻው አዛዥ ኮሎኔል ጄምስ ሞንትጎመሪ የተባለ ነጭ መኮንን ስለሆነ፣ ሃሪየት መርታለች ማለት ለጀግና ያልሠራውን ሥራ መስጠት ነው። እኔ ደግሞ ችግሩ በከፊል ከአማርኛው የመጣ ይመስለኛል። ጦር የሚያዘው ሰው «መሪ» ይባላል፤ ባላገር ቀድሞ እየሄደ እንግዳን በጫካ ሲያሳልፍም «መራው» እንላለን። በአንዱ ትርጉም የጻፍኩት ትክክል፣ በሌላው ስሕተት ሊሆን ነው። ለመሆኑ እርሷ የሠራችው የትኛውን ነው? ቁጥሩስ 750 ነው ቢባል ያስኬዳል? የምታውቁ ብትረዱኝ አመሰግናለሁ።

ተማሪ ዘስድስት ኪሎ

ይከበሩ፣ መምህርት። የታሪክ ድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ፤ የጠየቁት ነገር በእንግሊዝኛ የሚጽፉትንም ያከራከረ ስለሆነ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ ልጀምረው።

የሰሜኑ ባሕር ኃይል በኅዳር 1861 እ.ኤ.አ. ፖርት ሮያል የተባለውን የደቡብ ካሮላይና ወደብ ሲይዝ፣ በደሴቶቹ ላይ የነበሩ የእርሻ ባለቤቶች ሁሉን ጥለው ወደ መሐል አገር ሸሹ፤ በባርነት ይዘዋቸው የነበሩት ወደ 10,000 የሚሆኑ ሰዎች ግን እዚያው ቀሩ። ሃሪየት ወደዚህ ቦታ የሄደችው በ1862 እ.ኤ.አ. የማሳቹሴትስ ገዥ በነበረው በጆን አንድሩ ድጋፍ ነው። በመጀመሪያ የሠራችው ሥራ የስለላ አልነበረም። በቦፎርት ከተማ በተቅማጥና በፈንጣጣ የሚሠቃዩትን ስታስታምም፣ ስትቀቅል፣ ለወታደሮች ልብስ የሚታጠብበት ቤት አሠርታ ከባርነት የወጡ ሴቶች በእጃቸው ሥራ ገንዘብ እንዲያገኙ ስታስተምር ከረመች። ከመንግሥት ስንቅ ትቀበል ነበር፤ ሌሎቹ ለእርሷ የተዳላ መስሏቸው እንዳይከፋቸው ስትል ያንንም ትታ፣ ማታ ማታ ዳቦና መጠጥ እያዘጋጀች በመሸጥ ራሷን ቻለች። ይህን የማነሣው ለማሳዘን አይደለም። በየሠፈሩ የምትታይ፣ ከሁሉ ጋር የምታወራ፣ ማንም የማይጠራጠራት ሴት የሆነችው በዚህ ሥራ ነውና፣ ለኋላው ተልዕኮ መሠረቱ የተጣለው እዚያ ነው።

በ1863 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ የአካባቢውን የውኃ መንገድ ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ ከእነዚያው እርሻዎች ያመለጡ ስምንት ወይም ዘጠኝ ወንዶችን በሥሯ አደራጀች። እርሷ ራሷ የሜሪላንድ ተወላጅ ስለሆነች ለአገሩ እንግዳ ነበረች፤ የደሴቶቹን ሰዎች ቋንቋ እንኳ በቅጡ አትሰማም ነበር፤ እነርሱም ስትናገር ይሥቁባት እንደ ነበር ራሷ ተናግራለች። ስለዚህ ወንዙን በልቧ ታውቀው ነበር የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ሙያዋ፣ የሚያውቁትን ሰዎች ፈልጎ ማግኘት፣ ማሳመን፣ ያመጡትን ወሬ ማመሳከር ነበር። የደቡቡ ጦር በወንዙ ውስጥ ያጠመዳቸው ፈንጂዎች የት የት እንዳሉ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው፤ ፈንጂዎቹን ሲቀብሩ በጉልበታቸው እንዲሠሩ የተገደዱት በባርነት የተያዙት ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ቦታውን ከእነርሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ግንቦት ሊጠናቀቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በፈረንጆቹ ሰኔ 1 ቀን ሌሊት፣ ሦስት የእንፋሎት ጀልባዎች ከቦፎርት ተነሡ። አንደኛው ገና በመንገድ ላይ አሸዋ ላይ ተተክሎ ቀረ፤ ወታደሮቹ ወደ ሁለቱ ተዛወሩ። ጆን አዳምስ እና ሃሪየት ኤ. ዊድ የተባሉት ሁለቱ ግን ፈንጂውን እየዘለሉ በንጋት የኮምባሂን አፍ አልፈው ገቡ። የተሳፈሩት 300 ያህል ወታደሮች በአብዛኛው የ2ኛው የደቡብ ካሮላይና በጎ ፈቃደኞች ሬጅመንት አባላት፣ ማለትም ራሳቸው ከጥቂት ወራት በፊት በባርነት ሥር የነበሩ ጥቁሮች ናቸው። በየቁልፉ ቦታ ጥቂት ጥቂት ወታደር እያወረዱ ወደ ላይ ዘለቁ፤ የተንሳፋፊውን ድልድይ አቃጠሉ፤ የሩዝ ማሳዎቹን ውኃ የሚቆጣጠሩትን በሮች ከፍተው ማሳውን አጥለቀለቁ፤ ጎተራዎችንና የባለርስቶችን ቤቶች በእሳት አጋዩ።

ከሁሉ የሚደንቀው ግን የሰዎቹ አመጣጥ ነው። ሃሪየት በኋላ እየሣቀች እንደ ተረከችው፣ አንዲት ሴት ገና ከእሳት የወረደ፣ እንፋሎቱ የሚትጎለጎል የሩዝ ማሰሮ በራሷ ተሸክማ፣ ልጇን አዝላ መጣች፤ ልጁ በአንድ እጁ የእናቱን ግንባር ይዞ በሌላው ከማሰሮው እየዛቀ ይበላ ነበር። አሳማ በጆንያ የያዘ፣ ዶሮ ያንጠለጠለ፣ ልጅ በቀሚሷ የተንጠለጠለባት፣ ሁሉም ወደ ዳር ጎረፈ። ከተጫኑት አሳማዎች ነጩን ቦርጋርድ፣ ጥቁሩን ጄፍ ዴቪስ ብለው በደቡቡ ጄኔራልና በደቡቡ ፕሬዚዳንት ስም ጠሯቸው። ሰዎቹ እንዳይቀሩ ፈርተው ከዳር ወደ ጀልባዎቹ የሚያደርሷቸውን ታንኳዎች ጨብጠው አልለቅ ሲሉ፣ ሞንትጎመሪ ከላይኛው ወለል ላይ ሆኖ በቅጽል ስሟ «ሙሴ» ብሎ ጠርቶ እንድትዘፍንላቸው ለመናት። እርሷ ስትዘፍን ሕዝቡ እጁን ወደ ላይ እያነሣ እልል ሲል፣ እጁ ከታንኳው ስለ ተላቀቀ ቀዛፊዎቹ መንቀሳቀስ ቻሉ። ከዘማቾቹ አንድም ሰው ሳይሞት ወደ ቦፎርት ተመለሱ።

ቁጥሩን በሚመለከት፣ በዚያው ሰኔ የዊስኮንሲን ጋዜጣ ወደ 800 የሚጠጉ ሰዎች ብሎ ጽፏል፤ ዛሬ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው 750 ያህል ነው፤ ሌሎች ምንጮችም ከዚህ ብዙ አይርቁም። «ከ700 በላይ» ብለው ቢጽፉ ማንም አይከራከርዎትም። ከዚህ ይልቅ ቀደም ሲል ስላደረገቻቸው ጉዞዎች ከጻፉ ይጠንቀቁ። ከጦርነቱ በኋላ የታተመው የመጀመሪያ የሕይወት ታሪኳ 19 ጊዜ ተመላልሳ 300 ሰዎችን አወጣች ይላል፤ ሰነዶችን ያገላበጡ ተመራማሪዎች የደረሱበት ግን 13 ያህል ጉዞና 70 ያህል ሰው ነው። አንድ ሌሊት በኮምባሂ የዐሥር ዓመቱን ጉዞ ዐሥር እጥፍ አከለ ማለት ነው።

«መራች» ስለሚለው፦ የጠቀስኩት ጋዜጣ ሞንትጎመሪና 300 ጥቁር ወታደሮቹ በአንዲት ጥቁር ሴት «መንገድ መሪነት» ወደ ጠላት አገር ገቡ ብሎ ነው የዘገበው። ስሟን እንኳ አልጠራም። ስሟ የታወቀው በቀጣዩ ወር አንድ የቦስተን ጋዜጣ ሲያወጣው ነው።

ጡረተኛ መኮንን፣ ፒያሳ

ወንድሜ የጻፈው ጥሩ ነው፤ እኔ በሙያዬ በኩል ጥቂት ልጨምር። በውትድርና ሃያ ስድስት ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ አሁን ከጊዮርጊስ በታች ሆኜ ልጆቼ የሰጡኝን ስልክ እየነካካሁ ይህን አነባለሁ።

እህቴ መምህርት፣ ባልደረባሽ ያሰመረው መስመር ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ግን ስለ ነጭነትና ስለ ጥቁርነት አታድርጊው። አዛዥ ማለት ዘመቻው ቢከሽፍ የሚጠየቀው ሰው ነው። ያ አንደኛ ጀልባ አሸዋ ላይ ሲተከል «እንመለስ» ወይም «እንቀጥል» የሚለውን ቃል የሚያወጣ፣ ወታደር ቢያልቅ ለጄኔራሉ የሚያስረዳ፣ እርሱ ሞንትጎመሪ ነው። ሃሪየት በዚያ ቀን ማዕረግ አልነበራትም፤ ደመወዝተኛ ወታደርም አልነበረችም። የሜሪላንድ ግዛት ብሔራዊ ዘብ በኅዳር 2024 እ.ኤ.አ. የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ከሞተች በኋላ ሰጥቷታል። ክብሩ ይገባታል፤ ነገር ግን ዛሬ የተሰጠን ማዕረግ ወደ 1863 ወስዶ ትከሻዋ ላይ ማድረግ አይቻልም።

ታዲያ ምን እንበላት? በአማርኛ የውትድርና ቋንቋ ለዚህ ሥራ ጥሩ ቃል አለን፤ ቃፊር ይባላል። ቃፊር ከጦሩ ቀድሞ የሚሄድ፣ አገሩን የሚቃኝ፣ ጠላት የት እንዳለና የት እንደሌለ አይቶ የሚመለስ ነው። ሰላይ ደግሞ ከጠላት ጋር ተቀላቅሎ የሚሰማው ነው። እርሷ ሁለቱንም ሠርታለች። ሞንትጎመሪ ራሱ ከዘመቻው በኋላ በሐምሌ 1863 እ.ኤ.አ. ለጄኔራል ጊልሞር በጻፈው ደብዳቤ እጅግ አስደናቂ ሴት መሆኗንና በቃፊርነት ዋጋ የማይተመንላት መሆኗን መስክሯል። አዛዡ ራሱ የሰጣት ስም ይህ ከሆነ፣ እኛ የተሻለ እንፈልግ ብንል አናገኝም። «ፊታውራሪ» ለማለት ልቤ ከጅሎ ነበር፤ የግንባሩ ጦር መሪ ማለት ነውና ያምራል። ግን ፊታውራሪ ሹመት ነው፤ ሳይሾሙ ፊታውራሪ መባል የለም።

ቃፊርና ሰላይ ማለት ማሳነስ እንዳይመስልሽ። እኛ ዓድዋን ስናነሣ እነ ባሻ አውአሎምን ለምን እንጠራለን? ጦር ስለ መሩ አይደለም፤ ጣሊያኖችን በወሬ ስላሳሳቱ ነው። በኮምባሂም ድሉ የተወሰነው ጀልባዎቹ ከመነሣታቸው በፊት ነው። ወሩን ተመልከቺ፤ በፈረንጆች ሰኔ ላይ ያ የሩዝ ረግረግ የወባ አገር ይሆናል፤ ባለርስቶቹም ወቅቱን ጠብቀው ይሸሻሉ፤ የደቡቡ ጦርም ወታደሩን ከበሽታው ለማትረፍ ከወንዙ ዳር ወደ ኋላ ስቦ፣ ለጥበቃ የተወው ጥቂት ዘብ ብቻ ነበር። ይህን ያወቀ ሰው ነው ጊዜውን የመረጠው። የተሸነፉት ራሳቸው በኋላ ባደረጉት ምርመራ፣ ጠላት ስለ ወታደሮቻቸው ሁኔታ በሚገባ የተነገረው እንደ ነበር፣ ወንዙንና አገሩን ጠንቅቀው በሚያውቁ ሰዎችም እንደ ተመራ ጽፈዋል። ጠላት ከሰጠው ምስክርነት የሚበልጥ የለም።

ተማሪ ዘስድስት ኪሎ

ክቡር አባቴ፣ ስለ ቃፊር የሰጡትን ቃል ወድጄዋለሁ፤ አንድ ነገር ግን ላንሣ። በሕይወት ታሪኳ ላይ እንደ ተጻፈው፣ ጄኔራል ዴቪድ ሃንተር በዚህ ዘመቻ እንድትሄድ ሲጠይቃት፣ የምሄደው ሞንትጎመሪ አዛዥ ሆኖ ከተሾመ ነው ብላ ሁኔታ አስቀምጣለች። ሞንትጎመሪ በካንሳስ፣ ባርነትን በመሣሪያ ይታገል ከነበረው ከጆን ብራውን ወገን የነበረ ሰው ነው፤ እርሷም ጆን ብራውንን በቅርብ ታውቀው ነበር፤ «ጄኔራል ተብማን» ብሎ ይጠራት የነበረው እርሱ ነው። አዛዡን የመረጠች ቃፊር በየትኛው መዝገብ እንመድባት?

ጡረተኛ መኮንን፣ ፒያሳ

ልጄ፣ እኔም በዘመኔ አዛዦቼን ለመምረጥ ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ አልተሳካልኝም እንጂ። ነገሩ እንደ ተጻፈው ከሆነ፣ ጄኔራሉ ያለ እርሷ ዘመቻው እንደማይሆን ማወቁን ያሳያል። አዛዥነትን ግን አያሳይም።

የቀድሞዋ ካዛንቺስ ነዋሪ

ሁላችሁም በ«መራች» ላይ ተጠምዳችሁ የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ዘነጋችሁት። እኔን የከነከነኝ «750 ባሮችን ነፃ አወጣች» የሚለው ነው።

በሕግ በኩል ከሆነ፣ የፕሬዚዳንት ሊንከን የነፃነት አዋጅ ከጥር 1 ቀን 1863 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ ካሮላይና በባርነት የተያዙትን ሁሉ ነፃ ናቸው ብሏል። ስለዚህ በኮምባሂ ማሳ ውስጥ በዚያ ጠዋት መቆፈሪያ ይዘው ውኃ ውስጥ የቆሙት ሰዎች በወረቀት ላይ አምስት ወር ሙሉ ነፃ ነበሩ። ወረቀቱን ግን እርሻው ድረስ የሚያመጣ አልነበረም። ጀልባዎቹ ያመጡት ይህን ነው። ቀጥሎ ያለውን ደግሞ ሰዎቹ ራሳቸው ሠሩት። የእንፋሎቱን ፉጨት ሲሰሙ መጀመሪያ ደንግጠው ወደ ጫካ ሮጡ፤ የሊንከን ጀልባዎች ናቸው የሚለው ወሬ ከአፍ ወደ አፍ ሲያልፍ ግን ተመልሰው ወደ ወንዙ ጎረፉ፤ ከዚያ በኋላ የእርሻ አለቆቹ ጅራፍ የሚያስቆማቸው አልሆነም። ለመሮጥ ወይም ለመቅረት የወሰነችው ያቺ ማሰሮ ተሸክማ ልጅ ያዘለች ሴት ናት። ቀርታ ብትያዝ ወይም ተኩስ ቢያገኛት ዕዳው የእርሷ ነበር። እንዲህ ያለችውን «ነፃ አወጣቻት» ብሎ ማለፍ እርሷን ዕቃ ያደርጋታል። «ከባርነት እንዲያመልጡ አስቻለች» ወይም «ነፃ ወጡ» ቢባል ይሻላል።

«ባሮች» የሚለውንም ብትተዪው። በአማርኛችን ቃሉ ማዕረግ የሌለው ስድብ ሆኖ እስከ ዛሬ በሰው ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ተማሪዎችሽ ግድግዳው ሥር ቆመው ሲያነቡት ከመካከላቸው አንዱ አንገቱን ሊደፋ ይችላል። በእኛም አገር ባርነትን ቀስ በቀስ ለማስቀረት የታወጀው በመጋቢት 1916 ዓ.ም. ነው፤ ሙሉ በሙሉ በሕግ የተከለከለው ደግሞ በነሐሴ 1934 ዓ.ም.፤ ማለትም የአያቶቻችን ዕድሜ ያህል እንጂ ከዚያ አይርቅም። «በባርነት ተይዘው የነበሩ ሰዎች» ይርዘም እንጂ አያስነውርም።

ደግሞም ሰዎቹ ስም አላቸው። ከመቶ በላይ የሆኑት ወንዶች ቦፎርት እንደ ደረሱ ወዲያው በዚያው ሬጅመንት ተመዘገቡ። ከዓመታት በኋላ እነርሱ ወይም መበለቶቻቸው የጡረታ ገንዘብ ሲጠይቁ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጋቡ፣ የማን እርሻ ላይ እንደ ነበሩ፣ በዚያ ጠዋት ማን ከማን ጋር ጀልባ ላይ እንደ ወጡ ምስክር እየቆጠሩ አስመዘገቡ። ያ መዝገብ እስከ ዛሬ በአሜሪካ ቤተ መዛግብት ስላለ፣ ተመራማሪዎች ከ700ዎቹ ብዙዎቹን በስም ለይተዋቸዋል።

ነርሷ

ስለ ጡረታ ከተነሣ እኔም አንድ ነገር አለኝ፤ ምናልባት የ«መራች»ን ክርክርም ይፈታው ይሆናል። በሆስፒታል የምሠራ ነርስ ስለሆንኩ ስለ ሃሪየት ማንበብ የጀመርኩት በአስታማሚነቷ ምክንያት ነው።

በጦርነቱ ዘመን ከመንግሥት ያገኘችው በጠቅላላው ወደ 200 ዶላር ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ያህል ስትጠይቅ ኖረች። የተሳካላት በመጀመሪያ በራሷ አገልግሎት ሳይሆን በባሏ ነው፤ ሁለተኛ ባሏ ኔልሰን ዴቪስ የጦሩ አባል ስለ ነበር፣ በ1888 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ የመበለት ጡረታ በወር 8 ዶላር ተቆረጠላት። በ1899 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቱ ወደ 20 ዶላር ከፍ አደረገው፤ ጭማሪው የተሰጠው ግን በአስታማሚነቷ ነው። በቃፊርነት ላገለገለችበት የተቆረጠላት የለም። ሴት ታስታምማለች ማለት ለጸሐፊዎቹ ቀላል ነበር፤ ሴት ትሰልላለች ማለት ግን በቅጹ ላይ ቦታ አልነበረውም። ይህን ስጽፍ የገዛ ሙያዬን እያሳነስኩ አይደለም፤ ግን አንድ ሰው ከሠራው ሥራ ውስጥ ሌሎች የሚመቻቸውን ብቻ መርጠው ሲመዘግቡለት እንዴት እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልምጣ። በ1898 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው የመሐላ ቃል ላይ 1,800 ዶላር ስትጠይቅ ሥራዋን ራሷ ዘርዝራለች፦ ሦስት ዓመት በሆስፒታል አስታማሚና ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ እንዲሁም «የስምንት ወይም የዘጠኝ ቃፊሮች አዛዥ» ሆኜ አገልግያለሁ ብላለች። ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር፤ ሌላ ሰው ነው የጻፈላት፤ የማለችበት ቃል ግን የእርሷ ነው። የጦሩ ሁሉ አዛዥ ነበርኩ አላለችም። የቃፊሮቹ አዛዥ ነበርኩ አለች።

ጡረተኛ መኮንን፣ ፒያሳ

እህቴ ነርሷ፣ ይህን ሰነድ አላውቀውም ነበር። ስምንት ሰው ይሁን ስምንት መቶ፣ በሥሩ የሚያዘው ያለው አዛዥ ነው። ስለዚህ ከላይ «ማዕረግ አልነበራትም» ያልሁት እንዳለ ሆኖ፣ «አዛዥነትን አያሳይም» ያልሁትን በዚህ ልክ አርሜዋለሁ።

የአራት ኪሎዋ መምህርት

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባልደረባዬ ጋር ተቀምጠን እንደገና ጻፍነው፤ የጽሑፉ የመጀመሪያው አንቀጽ አሁን እንዲህ ሆኗል፦

«ግንቦት 25 ቀን 1855 ዓ.ም.፣ በአገራችን አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን፣ ሁለት የጦር ጀልባዎች በደቡብ ካሮላይና የኮምባሂን ወንዝ በንጋት ሽቅብ ወጡ። የዘመቻው አዛዥ ኮሎኔል ጄምስ ሞንትጎመሪ፣ የቃፊሮቹ አዛዥ ራሷ በባርነት ተወልዳ ያመለጠችው ሃሪየት ተብማን ነበረች። በወንዙ የተቀበረው ፈንጂ የት እንዳለ፣ ዘቡ የት እንደ ሳሳ የታወቀው እርሷና ሰዎቿ በሰበሰቡት ወሬ ነው። በዚያ ጠዋት በሩዝ እርሻዎቹ ላይ በባርነት ተይዘው የነበሩ ከ700 በላይ ሰዎች፣ የእርሻ አለቆቻቸውን ጅራፍ አልፈው ወደ ጀልባዎቹ ሮጠው ነፃ ወጡ፤ ከመካከላቸው ከመቶ በላይ ወንዶች ወዲያው መሣሪያ አነሡ።»

ሥዕሉን የምትሠራው ተማሪ ሃሪየትን ሽጉጥ አስይዛ ጀልባው አፍንጫ ላይ ልታቆማት አስባ ነበር፤ የሩዝ ማሰሮዋን ታሪክ ሳነብላት ሐሳቧን ለውጣ ያቺን እናት መሥራት ጀምራለች። ሃሪየት ከጎኗ ቆማ ጆንያ ውስጥ ያለውን አሳማ ይዛላታለች። በነገራችን ላይ፣ ሃሪየት ከዘመቻው በኋላ ባስጻፈችው ደብዳቤ አሳማ ተሸክማ ስትሮጥ ረጅም ቀሚሷን ረግጣ እንደ ቀደደችውና ለቀጣዩ ዘመቻ ሱሪ መሰል ልብስ እንዲላክላት እንደ ጠየቀች ሳነብላት፣ ቀሚሱንም ቀድዳ ሣለችው።

ተማሪ ዘስድስት ኪሎ

ጽሑፉ በጣም ጥሩ ነው፤ ቀኑ ብቻ ይታረም። በስልክ ላይ ያሉት አንዳንድ የቀን መቀየሪያዎች የዛሬውን ልዩነት ወደ ኋላ ስለሚወስዱ ሰኔ 2 ቀን ግንቦት 25 ይሆንብናል። በ19ኛው ምዕት ዓመት ግን በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል የነበረው ልዩነት ከዛሬው በአንድ ቀን ያንስ ነበር። የዓድዋን ቀን ያስቡ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በፈረንጆቹ መጋቢት 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ ግን የካቲት 23ን የምናከብረው በእነርሱ መጋቢት 2 ቀን ነው። በዚያው ስሌት የኮምባሂ ዘመቻ የዋለው ግንቦት 26 ቀን 1855 ዓ.ም. ነው።

የአራት ኪሎዋ መምህርት

ትክክል ነህ። ወረቀቱ ትናንት ታትሞ ስለ ነበር 5ቱን ወደ 6 የቀየርኩት በእስክሪብቶ ነው፤ ጠጋ ብሎ ያላየ አያውቅም።